የቀጠለ ጉዳትና የቆመ ጉዳት፦ የተሰበረ አሮጌ ቤዝ ጊታር ስለ መጠገንና ስላለመጠገን

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር በዕድሜ ለጋ ከሚባሉት የሙዚቃ መሣሪያዎች አንዱ ነው። በፋብሪካ በብዛት ተመርተው በሰፊው ከተሸጡት የመጀመሪያው የሆነው የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲዥን ቤዝ ለገበያ የቀረበው በ1951 ሲሆን፣ ጃዝ ቤዝ የተባለው ሁለተኛው ሞዴል በ1960 ተከተለው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለጋ ይባል እንጂ ከእነዚህ መሣሪያዎች ቀደምቶቹ ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ትናንት የምሽት ክበብ ሠራተኛ በታክሲ ጭኖት ይዞር የነበረው ተራ የሥራ ዕቃ ዛሬ በአንድ ጊዜ የታሪክ ማስረጃ፣ የሰብሳቢ ሀብትና የሙዚቀኛ መተዳደሪያ ሆኗል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ሲሰበር፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጣመም ባለቤቱ ሁለት ተቃራኒ ምክሮችን ይሰማል። አንደኛው፣ «አትንካው፤ የነካኸው ዕለት የቀድሞ ማንነቱን ያጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «መሣሪያ የተሠራው ሊጫወቱበት ነው፤ ድምፅ የማይሰጥ ጊታር የግድግዳ ጌጥ ነው» ይላል። ሁለቱም ምክሮች እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ጉዳቱ ሳይመረመር የተሰጡ መልሶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «ጉዳቱ ገና እየቀጠለ ነው ወይስ ቆሟል?» የሚለው መሆኑን ነው። የቀጠለ ጉዳት ማለት ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ የቆመ ጉዳት ማለት ደግሞ አንድ ጊዜ ደርሶ ያበቃ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተንቀሳቀሰ ነው። ጉዳቱ የሚቀጥል ከሆነ አለመንካትም ራሱ የማበላሸት ውሳኔ ነው። ጉዳቱ የቆመ ከሆነ ግን ምክንያት የማቅረብ ግዴታው መጠገን በሚፈልገው ወገን ላይ ይወድቃል።

የዋጋዎች ግጭት

የኦስትሪያው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አሎይስ ሪግል በ1903 ስለ ሐውልቶችና ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ባሳተመው ድርሳን፣ ሰዎች በአሮጌ ነገር ውስጥ የሚያዩት ዋጋ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ አሳይቷል። የዕድሜ ዋጋ በጊዜ ማለፍ ምልክቶች ላይ ያርፋል፤ መፋቁ፣ መሰነጣጠቁ፣ መደብዘዙ ራሱ የሚወደድ ነው። የታሪክ ዋጋ ነገሩ መጀመሪያ በተሠራበት ሁኔታ እንደ ሰነድ እንዲጠበቅ ይፈልጋል። የአገልግሎት ዋጋ ደግሞ ነገሩ ሥራውን እንዲሠራ ይጠይቃል፤ ሥራውን እንዲሠራ ደግሞ ይጠገናል፣ ክፍሉ ይለወጣል። ሪግል እነዚህ ዋጋዎች እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ አልሸሸገም።

አሮጌ ቤዝ ጊታር ግጭቱ እጅግ የሚጠነክርበት ዕቃ ነው፤ ምክንያቱም የዕድሜ ምልክቱ የመጣው ከአገልግሎቱ ነው። በቀኝ ክንድ መታከክ የተፋቀው ቅብ፣ በአውራ ጣት መደገፊያ የተላሰው የፒክአፕ ጠርዝ፣ በክር የተቦረቦረው የጣት ሰሌዳ ሁሉ ሰው እንዴት ይጫወትበት እንደነበር የሚናገሩ ናቸው። ይሁንና የሪግል ክፍፍል ምን እንደሚጋጭ ይነግረናል እንጂ አንድ የተወሰነ ስንጥቅ ፊት ቆሞ ምን መደረግ እንዳለበት አይነግረንም። ለዚህ ወደ ዕቃው አሠራር መውረድ ያስፈልጋል።

ተቀምጦም ጭነት የሚሸከም ዕቃ

ቤዝ ጊታርን ከሥዕልና ከብራና መጽሐፍ የሚለየው ዋና ነገር በሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ እንኳ ጭነት መሸከሙ ነው። አራቱ ክሮች በተለመደው ቅኝት ሲወጠሩ፣ እንደ ውፍረታቸውና እንደ ዓይነታቸው፣ ብዙውን ጊዜ በድምሩ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል አንገቱን ይጎትታሉ። ይህ ኃይል በፌንደር ቤዞች ላይ 86 ሴንቲ ሜትር በሚያህል የክር ርዝመት ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚቋቋመው ውፍረቱ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት አንገትና በውስጡ የተቀበረ የሚስተካከል የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም ወደ ፊት የሚጎብጥ ከሆነ፣ በሣጥን ውስጥ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ጉዳት ይጨምራል።

የስብራቱ ቦታም የንድፉ ውጤት ነው። የፌንደር መሣሪያዎች ራስ ከአንገቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ስለሆነና አንገቱ ከአካሉ ጋር በአራት ብሎን ብቻ ስለሚያያዝ፣ ሲወድቁ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ ካልተረፉም ክፍሉ በቀላሉ ይፈታል። ጊብሰን በሠራቸው ቤዞች ግን ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዝንባሌው 17 ዲግሪ ነበር፤ በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ወደ 14 ዲግሪ ተቀነሰ። አንገቱና ራሱ ከአንድ ማሆጋኒ ሲቀረጹ፣ በዝንባሌው ምክንያት የእንጨቱ ቃጫ በራሱ ሥር ተቆርጦ አጭር ይሆናል። በዚያው ቦታ ላይ የብረት ዘንጉን ማስተካከያ ለማስቀመጥ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቃጫው በሚያጥርበት ሥፍራ እንጨቱ ደግሞ ይቀንሳል ማለት ነው። በጀርባው የተኛ ጊብሰን ቤዝ በራሱ ጫፍ ላይ ያርፋልና፣ ከወንበር ላይ የሚንሸራተት መሣሪያ እዚያው ላይ ቢሰነጠቅ አያስደንቅም።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ክሩ ሲወጠር ይከፈታል፣ ሲላላ ይዘጋል፤ በእያንዳንዱ ቅኝት ትንሽ ይረዝማል፤ የላብ ጨውና አቧራም ይገባበታል። ቅቡ ላይ ከሚታየው የሸረሪት ድር መሰል ስንጥቅ ጋር አንድ አይደለም። ይህ ሁለተኛው በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ናይትሮሴሉሎስ ላከሩ ሲደርቅና ሲኮማተር የሚፈጠር ሲሆን እንጨቱን አይነካም፤ መሣሪያውም እንዲህ እንደሆነ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። ልምድ የሌለው ዓይን ግን አስከፊ መስሎ የሚታየውን የቅብ ስንጥቅ ፈርቶ፣ በራሱ ሥር ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ያልፋታል።

ጉዳት መቀጠሉን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክሮቹ ይላላሉ፤ ይህ ወጪ የሌለው፣ ሊቀለበስ የሚችል፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ነው። ከዚያ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሣሉ፤ የአንገቱ ጉብጠት በቀጥተኛ ብረት ተለክቶ ከዕለቱ እርጥበት ጋር ይመዘገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልኬቱ ይደገማል። እርጥበቱን መመዝገብ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት ክፍል የሚቀመጥ እንጨት በውስጡ 9 በመቶ ገደማ ውኃ ሲይዝ፣ በ30 በመቶ ክፍል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ወደ ደረቅ ደጋ የመጣ ቤዝ የፍሬቶቹ ጫፍ ከጣት ሰሌዳው ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ይህን ያየ ጠጋኝ የፍሬቱን ጫፍ ለመሞረድ ይቸኩላል። እንጨቱ ወደ ቀድሞ እርጥበቱ ሲመለስ ግን የተሞረደው ፍሬት አይመለስም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያበላሸው ራሱ የመጀመሪያው ክፍል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር በጃዝ ቤዝ ፊት ላይ የሚያስረው የዔሊ ልብስ መሰል ሽፋን ከሴሉሎይድ የተሠራ ነበር። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ይጠብባል፣ ይሰነጠቃል፣ በአጠገቡ ያለውን ብረት የሚያዝግ አሲዳማ ጋዝም ያወጣል። የመጀመሪያው ነውና አይነካ ማለት እዚህ ላይ ሌሎቹን የመጀመሪያ ክፍሎች ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነው። ሽፋኑ ተፈትቶ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለብቻው ቢቀመጥ፣ በምትኩም ቅጂ ቢታሰር ሁለቱም ይድናሉ።

የጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዝ

ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1976 በስሙ ባወጣው አልበምና ዌዘር ሪፖርት ከተባለው ቡድን ጋር በሠራቸው ሥራዎች የቤዝ ጊታርን ድምፅ የለወጠ ሙዚቀኛ ነው። ዋና መሣሪያው በ1962 የተሠራ ጃዝ ቤዝ ነበር። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከመሰበሩ በፊት ይጀምራል። ፍሬቶቹ ተነቅለው ክፍተታቸው በመሙያ ተደፈነ፤ የሮዝዉድ የጣት ሰሌዳውም ለጀልባ በሚያገለግል ኤፖክሲ ተለበጠ። ምክንያቱ ተግባራዊ ነበር። ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት ክር ፍሬት በሌለው ሰሌዳ ላይ ሲንሸራተት እንጨቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ኤፖክሲው ይህን ከለከለ፣ ለድምፁም ጥራትና ርዝመት ሰጠው።

በሰብሳቢ መለኪያ ከታየ ይህ መሣሪያ ያን ጊዜውኑ «ተበላሽቷል»፤ ፍሬት የለውም፣ የጣት ሰሌዳው በማይነሣ ሙጫ ተሸፍኗል። በሙዚቃ ታሪክ መለኪያ ከታየ ግን ዛሬ ቤዙ የሚፈለገው በዚሁ ለውጥ ምክንያት ነው። ኤፖክሲውን ልጦ አዲስ ፍሬት በመትከል ወደ 1962 ሁኔታው መመለስ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ብርቅ የሆነውን አንድ ዕቃ አጥፍቶ በብዛት ከተመረቱት አንዱን ባገኘ ነበር። «የመጀመሪያ ሁኔታ» የሚለው አነጋገር የትኛውን ቀን እንደሚያመለክት ሳይነገር ትርጉም የለውም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህ ቤዝ ተሰባበረ። አካሉ ወደ ብዙ ቁራጭ ተለያይቶ ለሁለት መሣሪያ ሠሪዎች ቀረበ፤ እነርሱም ቁራጮቹን በኮላ ገጣጥመው፣ ተመልሰው እንዳይለያዩ ፊትና ጀርባውን ስስ የእንጨት ልባስ ለጠፉበት። ፓስቶሪየስ መሣሪያውን መልሶ ከተረከበ ብዙም ሳይቆይ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠፋበት፤ እርሱም ሴፕቴምበር 21 ቀን 1987 በ35 ዓመቱ አረፈ። ቤዙ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ እዚያው ከተማ ተገኘ፤ የይገባኛል ክርክሩም የሜታሊካው ቤዝ ተጫዋች ሮበርት ትሩጂዮ ባወጣው ገንዘብ በ2010 መፍትሔ አገኘ።

የጥገናው ውሳኔ ሊመረመር የሚገባው በዚህ የጊዜ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ክር የሌለበትና በቁራጭ የተቀመጠ አካል ጭነት የለበትም፤ ስለዚህ ከላይ በቀረበው መለኪያ ጉዳቱ የቆመ ነው። ቁራጮቹ በከረጢት ቢቀመጡ አይብሱም ነበር። እንግዲያው መጠገኑ ምክንያት ይሻ ነበር፤ ምክንያቱም አልጠፋም። ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ መሣሪያውን እንዲያ ያደረገው ራሱ ነው፣ ሊጫወትበት ይፈልጋል፣ ያንን ድምፅ ከሌላ ዕቃ አያገኝም።

የአጠጋገኑ ዘዴም ከዚሁ ምክንያት የመጣ ነው። በቅርስ ጥበቃ ትምህርት ልባሱ ሁለት ነቀፌታ ይገጥመዋል፤ የመጀመሪያውን ፊት ይሸፍናል፣ እንጨቱንም ሳይጎዳ አይነሣም። ነገር ግን በብዙ መስመር የተሰበረና በየመስመሩ ላይ ጥቂት እንጨት የጎደለው አካል የክሩን ውጥረትና የመድረኩን ውርወራ በኮላ መስመር ብቻ ይችላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ልባሱ ኃይሉን ከስብራት መስመሮቹ አውጥቶ በሰፊ ገጽ ላይ ያከፋፍላል። ለሚሠራ ሙዚቀኛ ለሚሰጥ መሣሪያ ይህ ትክክል ነበር። ያው ሰባራ አካል ከባለቤቱ ሞት በኋላ ቢቀርብ ኖሮ ግን ያው ጥገና ስሕተት በሆነ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጫወትበት እጅ የለምና፣ የሚቀረው ማስረጃነቱ ብቻ ነው፤ ማስረጃውን ደግሞ ልባሱ ይሸፍነዋል። እንጨቱ አንድ፣ ስብራቱ አንድ ሆኖ ውሳኔው በአንድ ዓመት ልዩነት ይገለበጣል። «መቼም ቢሆን አትንካ» የሚለውም ሆነ «ሁልጊዜ አጫውት» የሚለው ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

አንድ ተጨማሪ ነገር መጠቀስ አለበት። የስብራት መስመር ሊደገም የማይችል ነው፤ ሆን ብሎ ሌላ ጃዝ ቤዝ በዚያው መልክ መስበር የሚቻለው ሰው የለም። የተጠገነ ስብራት ስለዚህ የመሣሪያው መታወቂያ ይሆናል፤ የመለያ ቁጥር ያለበት ብረት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ስብራት ግን አይዛወርም።

ሳይጠገን የቀረና ተጠግኖ የተጫወተ

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ምሳሌ የፖል ሲመነን ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። የእንግሊዙ ክላሽ ቡድን ቤዝ ተጫዋች በሴፕቴምበር 1979 ኒው ዮርክ በሚገኘው ፓላዲየም አዳራሽ መሣሪያውን ከመድረኩ ወለል ጋር ሲያጋጨው በፔኒ ስሚዝ የተነሣው ፎቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የለንደን ኮሊንግ አልበም ሽፋን ሆነ። ስብርባሪው ተጠብቆ በለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። የዚህን ቤዝ አንገት መግጠም ለአንድ ጥሩ ጠጋኝ አስቸጋሪ አይሆንም። ከተገጠመ በኋላ ግን የሚገኘው በአሥር ሺዎች ከተመረቱት አንድ ፕሪሲዥን ቤዝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጉዳቱ ቆሟል፤ ጭነት የለም፤ ዕቃው ስለ ታሪኩ የሚናገረውም በስብራቱ ነው። የሚያስፈልገው ሥራ የላሉ ስንጣሪዎች እንዳይጠፉ መያዝ፣ እርጥበቱን ማስተካከል፣ አቧራውን በጥንቃቄ መጥረግ ነው።

የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ በሁለቱ መካከል ይቆማል። በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የተገዛው ይህ የቫዮሊን ቅርጽ ያለው መሣሪያ በ1964 ቅቡ ታድሶ፣ ሁለቱ ፒክአፖቹም በአንድ ማቀፊያ ታሰሩ፤ በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰረቀ፤ መገኘቱ በፌብሩዋሪ 2024 ይፋ ሆነ። ከተገኘ በኋላ ለመጫወት ጥገና አስፈለገው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ማካርትኒ ለንደን ውስጥ በመድረክ ተጫወተበት። ባለቤቱ በሕይወት መኖሩና መጫወቱ ጥገናውን ያጸድቃል። ትኩረት የሚሻው ግን የ1964ቱ እድሳት ነው። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ ተራ ሆፍነር በእንዲህ ያለ ሁኔታ ቢያገኝ ቅቡ የታደሰ ነው ብሎ ዋጋ ይቀንሳል፤ በዚህኛው ላይ ግን የታደሰው ቅብና የተለወጠው ማቀፊያ መሣሪያው ከሌሎቹ እንዲለይ የሚያደርጉት ምልክቶች ናቸው።

ስለ አጠጋገኑ

መጠገን ተገቢ ሆኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥገና ከሁሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ትኩስ ስብራት ሁለቱ ፊቶቹ በቃጫ ደረጃ ይገጥማሉ፤ ምንም እንጨት ሳይጎድል ይዘጋል። በተሳሳተ ኮላ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ ግን ቀጣዩ ጠጋኝ የቀድሞውን ኮላ ለማውጣት እንጨት መፋቅ ይኖርበታል፤ ከዚያ ወዲያ ፊቶቹ አይገጥሙም፣ አዲስ እንጨት ማስገባት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ስብራቱን ያየ ባለቤት ከሚሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው በቤቱ ያገኘውን ፈጣን ሙጫ ማፍሰስ ነው፤ ብሎን ወይም ሚስማር መምታት ይከተለዋል።

ከቆዳ የሚፈላው ባህላዊ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ አዲሱ ኮላ ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል፤ በዚህም ሁለተኛ ጠጋኝ እንዲመጣ በር ይተዋል። በፍጥነት ስለሚረጋ ግን ሞርሳው አስቀድሞ ያለ ኮላ ተሞክሮ መዘጋጀት አለበት። ነጭና ቢጫ የእንጨት ኮላ ለመያዝ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ጭነት ሲሸከም ቀስ በቀስ ሊንሸራተት ይችላል፣ በደረቀ ኮላ ላይ ሲደገምም በደንብ አይያያዝም። ኤፖክሲ ክፍተት ይሞላል፣ አይንሸራተትም፣ ግን በቀላሉ አይመለስም። እንጨት የጎደለበት ስብራት ላይ ይመረጣል፤ ንጹሕ ስብራት ላይ ግን ምክንያት የለውም።

«የሚቀለበስ ጥገና» የሚለው የቅርስ ጥበቃ መርሕ እዚህ ላይ ማረም ያሻዋል። ባርባራ አፕልባም በ1987 ባሳተመችው ጽሑፍ መቀለበስ የቁሱ ሳይሆን የሂደቱ ጠባይ መሆኑን አስረድታ፣ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ «ወደ ፊት እንደገና ሊታከም ይችላል ወይ?» የሚለው እንደሆነ አመልክታለች። ጭነት ለሚሸከም አንገት ይህ ተስማሚ መለኪያ ነው። 80 ኪሎ ግራም የሚይዝ መገጣጠሚያ በቀላሉ የሚለቅ እንዲሆን መጠየቅ አይቻልም፤ ቀጣዩን ጠጋኝ የማይከለክል እንዲሆን ግን መጠየቅ ይቻላል።

በአገልግሎት የሚያልቁ ክፍሎች ከሌሎቹ ተለይተው መታየት አለባቸው። የመሰንቆ ቆዳ ሲቀደድ ይለወጣል፤ በዚህ ምክንያት መሰንቆው ሌላ መሰንቆ ሆነ የሚል የለም። የቤዝ ክር፣ ፍሬትና በአንገቱ ጫፍ ክሩን የሚሸከመው ነት እንዲሁ ናቸው። ለመጫወት ከተፈለገ ያለቀ ፍሬት መለወጥ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም፤ ክርክሩ የሚነሣው ጠጋኙ ፍሬት ሲለውጥ የጣት ሰሌዳውን በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል ሲነሣ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በፌንደር ቤዞች ላይ የዋለው የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ ስምምነት በአንደኛው ሠንጠረዥ ሥር የተመዘገበ ስለሆነ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ መሣሪያውም ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይጠየቅበታል። የተፋቀ ሰሌዳን በዚያው እንጨት መተካት በተግባር የማይቻል ያህል ነው።

ፒክአፕ «ሞተ» ሲባል ወዲያውኑ እንደገና እንዲጠመጠም ማዘዝም ችኮላ ነው። የጥምጥሙ የመዳብ ሽቦ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከሰው ፀጉር የማይወፍር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በውስጥ ሳይሆን ከመውጫው ገመድ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ ነው። ያን ጫፍ አግኝቶ መበየድ ሺዎቹን የመጀመሪያ ጥምጥሞች ያድናል። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ዘመን ይናገራሉ፤ ጀርባቸው ላይ 304 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የስታክፖል ኩባንያን፣ ቀጥሎ ያሉት አኃዞች ዓመቱንና ሳምንቱን ያመለክታሉ። የሚንኮሻኮሽ መቆጣጠሪያ ከመለወጡ በፊት ሊጸዳ ይችላል።

ቅብን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ ቅብ ማደስ የቀጠለ ጉዳትን አያቆምም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ምክንያት የለውም። በገበያው ልማድ ቅቡ የታደሰ አሮጌ ፌንደር የዋጋውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የሚጠፋው የአጨዋወት ታሪክ ነው። በስብራቱ ዙሪያ ብቻ፣ ከላከሩ ጋር የሚስማማ ትንሽ ንክኪ በቂ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያረጀ ናይትሮሴሉሎስ ላከር ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ሲሰጥ አዲሱ ቅብ ጨለም ብሎ ስለሚታይ፣ ንክኪው ለዓይን ቢሰወርም ከመርማሪ አይሰወርም፤ ይህ ደግሞ ጉድለት ሳይሆን ተፈላጊ ጠባይ ነው።

ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሡት ፎቶዎች፣ የዋለው ኮላ ስም፣ ቀኑና የልኬቱ ሠንጠረዥ በአንድ ወረቀት ላይ ሆነው ከሣጥኑ ጋር ይቀመጣሉ። የተነቀለው ፍሬት፣ የተተካው ነት፣ የተፈታው ሽፋንና ሊመለስ ያልቻለው ስንጣሪ ምልክት ተደርጎባቸው በየከረጢታቸው እዚያው ይገባሉ። መሣሪያው ሲሸጥ ወረቀቱ አብሮ ይሸጣል፤ ዋጋ ይቀንሳል ብሎ ወረቀቱን የሚያስቀር ሻጭ ካለም፣ ቀጣዩ ጠጋኝ አንገቱን ሞቅ አድርጎ ሲከፍት የሚያገኘው ኮላ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጀምራል።